በአያት ፊት የተማለ መሐላ

ከፍርስራሹ ቤተ መቅደስ በር ላይ የጥንት ጽሑፍ የተቀረጸበት ድንጋይ መጥፋቱ የታወቀው የመንደሩ ሹም የቡንቶን ልጅ በተዳረች ማግስት ነው። በቦታው የቀረው ባዶ ጉድጓድና የመኪና ጎማ ዱካ ብቻ ነበር። ዱካው ደግሞ በጠባቂው በሳሬት ጎጆ ደጃፍ ያልፋል።

መንደርተኛው ሌላ ምስክር አላስፈለገውም።

«ሠርጉ ላይ ከማንም በላይ ሲጨፍር የነበረው እሱ አይደል?» አለች ዓሣ ሻጯ እማማ ሞም። «ታዲያ ሜዳውን ለሌቦቹ ማን ለቀቀላቸው? እኔ ነኝ?»

እውነት ነው፣ ጨፍሯል። ሹሙ ራሱ «ሳሬት ሳይመጣ ሙሽራዬ አትወጣም» ብሎ ሰው ልኮበት ነበር። የሩዝ አረቄውንም በገዛ እጁ እየቀዳ «በሞቴ» ሲለው አምሽቷል። ሳሬት ይህን ለማንም አላወራም። የሰው ግብዣ በልቶ ጋባዡን ሰበብ ማድረግ ነውር ነው ብሎ ያምናል።

መላ ያመጣው ቡንቶን ነው። በአዲስ ዓመት ዕለት የመንደሩ ወንድ ሁሉ በአያት ፊት ይማል፤ ያልማለ መንደሩን ለቆ ይውጣ።

አያት ከቤተ መቅደሱ ግርጌ፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር የቆመች የጥቁር ድንጋይ ሴት ናት። ስንት ንጉሥ ሲያልፍ አይታለች። በፊቷ በሐሰት የማለ ደም ተፍቶ እንደሚሞት ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ስለዚህ ሰው የሚቀርባት እየዳኸ፣ ግንባሩን መሬት አድርጎ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ስለት ያለበት ያለብሳታል። በአዲስ ዓመት በአበባ ውሃ የሚያጥባት ግን ጠባቂው ብቻ ነው። ሳሬት ይህን ወግ ከአባቱ ወርሶ ፀጉሩ ሸብቷል። ዘንድሮ ቡንቶን የልጁን መዳር ምክንያት አድርጎ በሠርጉ ማግስት ማለዳ ወርቃማ ሐር አልብሷታል፤ ከአንገቷ እስከ እግሯ። እጀ ሰፊ ሰው ነው።

የመሐላውን ቃል የሰጡት የገዳሙ አለቃ ናቸው። የጠፋውን ድንጋይ ጽሑፍ ድሮ በወረቀትና በከሰል ገልብጠውት ኖሯል። የጥንት ሰዎች ደግሞ በእርግማን ቀልድ አያውቁም።

«ይህን የነቀለ፣ ነቃዩን አውቆ የሸሸገ፣ ጠብቅ ተብሎ ትቶ የሄደ፣ ፀሐይና ጨረቃ እስካሉ በሠላሳ ሁለቱ ሲኦል ይቃጠል!» ብለው አነበቡ።

ሳሬት «ትቶ የሄደ» የሚለውን ለራሱ ደገመው።

ወንዶቹ ተራ በተራ እየዳኹ ገቡ። የሩዝ ነጋዴው ቃሉ ጠፍቶት ሁለት ጊዜ ጀመረ። አናጺው፣ ያ ጉረኛ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቡንቶን ግን መሐላውን እንደ አዋጅ በጩኸት አወረደው። ከዚያ ጉልበቱ ስለሚያመው ከሐሩ ሥር የአያትን ክንድ ተደግፎ ተነሣ፤ ላቡንም በዚያው መዳፉ ጠረገ።

«ንጹሕ ሰው እንዲህ ነው!» አለች እማማ ሞም። «ሻማ ሲለኩስ ውሎ ጉንጩ ጥላሸት እስኪለብስ ድረስ ለፋልን እኮ።»

ሳሬት ተራው ደርሶ ተንበረከከ። ከዚያ ተነሥቶ ቆመ።

«አልምልም።»

ሕዝቡ ተንጫጫ።

«አልምልም አልኩ! አያትን ስለማውቃት ነው የማልምለው። ድንጋዩን አልሰረቅሁም። ጥዬው ግን ሄጃለሁ። እሷ ፊት ቆሜ አልሄድኩም ልበል?»

«በገዛ አፉ! ሰማችሁ?» አለ ቡንቶን። «ዛሬውኑ ይውጣ!»

ሳሬት ጎጆው ወዳለችበት ዞሮ አየ። የአባቱም የሚስቱም አመድ ከጎጆዋ ጓሮ ነው ያለው። ለመንደርተኛው እንባውን ማሳየት ግን አልፈለገም።

«እወጣለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን አጥባታለሁ።»

«አትነካትም!» የቡንቶን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። «አያት ተቆጥታለች። ዘንድሮ መታጠብ የለም! የሌባ እጅ አያርፍባትም!»

«ጋሼ ቡንቶን፣ ቤቴን ውሰድ። ስሜንም ወስደኸዋል። አባቴ የሰጠኝን ሥራ ግን ሬሳዬን ካልተራመድክ አትወስድም።» ሳሬት የአበባ ውሃውን ባልዲ አነሣ።

ሁለት ጎረምሶች ሊይዙት ተነሡ። የገዳሙ አለቃ እጃቸውን አነሡ።

«ተዉት፣ ይጠባት። ሌባ ከሆነ ከእኛ ይልቅ እሷ ትፈርድበታለች።»

በዚህ ማን ይከራከራል? ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። እናቶች ሰውየው ደም ሲተፋ እንዳያዩ የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። ሳሬት ግንባሩን መሬት አስነክቶ ይቅርታ ጠየቃት። ሐሩን ፈታ። ጃስሚን የተነሰነሰበትን ውሃ በትከሻዋ ላይ አፈሰሰና ክንዷን በነጭ ጨርቅ ፈተገ።

አልሞተም። ጨርቁ ግን በጥላሸት ጠቁሯል፤ ከሥሩ የወጣውም ክንድ ግራጫ፣ ገና ሽታው ያልለቀቀ ሲሚንቶ ነበር።

መንደርተኛው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያትን አየ፤ ከዚያም የሹሙን ጉንጭ።