ጸጉርህን እንዳትነካው

ወንድሜነህ በሠላሳ ዓመቱ መሸበት ጀመረ፤ በሠላሳ ስምንት ዓመቱ ራሱ እንደ ባዘቶ ነጣ። አውቶቡስ ውስጥ ተማሪዎች «አባት፣ እዚህ ይቀመጡ» ብለው ሲነሱለት በልቡ እየተራገመ ይቀመጣል። ሚስት የለውም። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ አራት ጊዜ ሊድረው ሲል አራት ጊዜ አምልጧል። በዚህ ደግሞ ይኮራል።

ገዛኢ ከመቐለ ደውሎ «ቅዳሜና እሑድን እኔ ጋ ና፤ ከተማውን አሳይሃለሁ» ሲለው ምንም አልጠረጠረም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት ተከራይተው አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። የጠረጠረው ከዚያ በኋላ በመጣው ነገር ነው።

«ጸጉርህን እንዳትነካው» አለ ገዛኢ።

«በጸጉሬ ምን አገባህ?»

«እንዳለ ይምጣ። አፍህስ? እንደ ድሮው ሰው ታሳምናለህ?»

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«እሑድ አንድ ቤት ትገባለህ። አሁን ከነገርኩህ አትመጣም።»

ወንድሜነህ ስልኩን ዘግቶ ብቻውን ሳቀ። አምስተኛው ወጥመድ መሆኑ ነው። ከወጥመድ ማምለጥ ስለለመደ ሳይፈራ ቲኬት ቆረጠ።

ቅዳሜ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ገዛኢ ከሰላምታ በፊት የወንድሜነህን ጸጉር አየና «ተመስገን» አለ። አጠገቡ አንዲት ሴት ቆማለች።

«ዳናይት ትባላለች፤ የሰፈራችን ልጅ ናት። ከተማውን አብራን ታሳይሃለች።»

«እንቋዕ ብደሓን መፃእኩም!» አለች ዝቅ ብላ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ።

ወጥመዱ ቆንጆ ነበር።

በመጀመሪያ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ወጡ፤ የድሮውን የጣሊያን ምሽግ ለማየት። ዳገቱ መሀል ላይ ወንድሜነህ ቆም ሲል ዳናይት ክንዱን ያዘችው። «ቀስ ይበሉ» አለችው፤ እስከ ላይም አልለቀቀችውም። አንቱታዋን ጥሩ አስተዳደግ ነው ብሎ ወደደው። ገዛኢ የሦስቱን ውሃ ተሸክሞ ከኋላ ይከተላል። ወንድሜነህ ይህን ሁሉ አስተዋለ፤ ምሽጉን ግን አላየውም።

ላይ ደርሰው እንደተቀመጡ ዳናይት ጥያቄ ጀመረች።

«አዲስ አበባ አብራችሁ ስትኖሩ ማን ነበር የሚያበስለው?»

«እኔ» አለ ወንድሜነህ።

«አምሽቶ የሚገባውስ?»

«ገዛኢ።»

«ይጠጣ ነበር?»

«ገዛኢ? አንድ ጊዜ የጎረቤት በር የኛ መስሎት ሲያንኳኳ አድሯል! እኔ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ ከቤቴ አልወጣም።»

ገዛኢን የጠጣው ውሃ ትን አለው። ዳናይት ዞር ብላ ትኩር አድርጋ አየችው። ወንድሜነህ ጓደኛውን ስላሳጣው ትንሽ አፈረ፤ ቢሆንም ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም።

ምሳ ጥሕሎ በሉ። ወንድሜነህ ድብልብሉን የገብስ ሊጥ በእንጨት ሹካ ወግቶ ወጡ ውስጥ ሲነክር አመለጠውና ሸሚዙን አበላሸው። ዳናይት ሳትስቅበት ተነስታ ጠረገችለት። ያኔ አንድ ያልለመደው ነገር መጣበት፤ ማምለጥ አላሰኘውም። በዚህኛው ብያዝስ ምን እሆናለሁ? አለ በልቡ። ደስ አለው፤ ደስታውም አስፈራው።

ከሰዓት በኋላ ገዛኢ «ለነገ የማነጋግራቸው ሰዎች አሉ» ብሎ ሄደ፤ ዳናይትም ቤቷ ገባች። ወንድሜነህ ሓወልቲ አካባቢ ብቻውን ሲንሸራሸር በአንድ ጸጉር ቤት መስታወት ራሱን አየ። ይህን ጥጥ ተሸክሞ ከእሷ አጠገብ ሊቀመጥ? ገባ።

«ጥቁር ቀለም አለህ?» አለው ጸጉር አስተካካዩን ጃፋርን።

«ሦስት ዓይነት አለ።»

«ከሦስቱ የጠቆረውን።»

ማታ ቤት ሲገባ ገዛኢ አየው፤ የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ።

«እንታይ ጌርካ! ምን አደረግክ ሓወይ?»

«አላማረብኝም?»

«ታጠበው!»

«አይለቅም። ጃፋር ምሎልኛል።»

ገዛኢ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። ወንድሜነህ አዘነለት። ቅናት ነው እንግዲህ፤ እሱም እኮ ሚስት የለውም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ገዛኢ ነጭ ጋቢ አለበሰውና እስከ ቅንድቡ ድረስ ሸፈነው። ዳናይት ቤት በር ላይ ሁለት አዛውንት ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ የገዛኢ አጎት ኣቦይ ኣረፋይነ ናቸው። ወንድሜነህን አዩ፣ ከዚያ ገዛኢን አዩ። ገዛኢ መሬት መሬት ያያል።

ወንድሜነህ እንባው መጣ። ሽማግሌ ሳይቀር አዘጋጅቶለታል! ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አብሮ መግባቱ ትንሽ ግር አለው፤ ግን እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል።

«አንተስ አትገባም?»

«እኔ እዚህ ነኝ» አለ ገዛኢ። «በጃኻ ሓወይ፣ አደራህን። ስለ መጠጡ እንዳታነሳ።»

«ስላንተ ማን ያነሳል?» ብሎት ገባ።

የዳናይት አባት ኣቦይ ገብረተንሳኤ ለእንግዳው ሲሉ በአማርኛ ተቀበሏቸው። «ቁጭ በሉ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ኣቦይ ኣረፋይነ። ሁለቱ አዛውንት ቆሙ። ወንድሜነህ ግን ቀደም ብሎ መሀለኛው ወንበር ላይ ተደላድሏል፤ ጋቢውን ከራሱ ገፎ የተቀባ ጸጉሩን ይደባብሳል። በጓዳው በር ብቅ ያለችው ዳናይት አየችውና አፏን በእጇ ያዘች።

አባትየው ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሽማግሌ ሦስት ሆኖ ነው የሚመጣው፤ እኔ የማየው ሁለት ነው። ይሄ ጎረምሳ ማነው? ልጄን የሚጠይቀው ራሱ ነው እንዴ?»

ወንድሜነህ «አዎ» ሊል አፉን ሲከፍት ኣቦይ ኣረፋይነ ቀደሙት።

«የለም፣ የሚጠይቀው ገዛኢ ውጭ ቆሟል፤ እኚህ ሦስተኛው ሽማግሌ ናቸው፣ እስከ ትናንት ሸብተው ነበር።»