የበረኛው ለቅሶ

የጨዋታው መሪ ለዘንዶው ሰባት ራስ ሰጠው፤ ለእያንዳንዱ ራስ የተለየ ድምፅ ሲለማመድ ከረመ። ጠረጴዛ ከበው ዳይስ እየወረወሩ በሚጫወቱት ተረት ውስጥ ጓደኞቹ ጀግኖቹን ይሆናሉ፤ የቀረውን ፍጡር ሁሉ፣ ከንጉሥ እስከ ፍየል፣ የሚሆነው እሱ ነው። ያን ሁሉ የደከመበትን ዘንዶ ግን እያዛጉ ሰሙት።

ለከተማዋ በረኛ ምንም አላሰበለትም ነበር። ድንገት ሲያናግሩት አፉ ላይ እንደመጣለት ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ፤ ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አንስቶ በእጀታው ወለሉን መታና «የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለ።

አበዱለት! ዘንዶውንም፣ እሱ የጠለፋትን ልዕልትም ረስተው ከበረኛው ጋር ሲጨቃጨቁ ዋሉ።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው ከተጫዋቾቹ አንዷ ሶልያና።

«ከጭንቅላቴ ነዋ! ፈጠራ ይሉሻል ይሄ ነው።»

በመጨረሻ ግን በገዛ በረኛው ቀና። ዘንዶው እኮ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ብሏል! እናም በረኛውን በዘንዶው አስበላው።

ሶልያና ደረቷን እየመታች ብድግ አለች። «ወይኔ አባባ! እንግዲህ የማን ልጅ ነሽ የሚለኝ ማን ነው!»

ሌሎቹም እየተቀበሉ አለቀሱ። በሳቅ እንባቸው እየወረደ፣ ጩኸታቸው ሰፈሩን አናጋው።

በሩ ተከፈተ። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ጉሮሯቸውን ሁለቴ ጠረጉ፤ በምርኩዛቸው ወለሉን መቱ።

«ድንኳኑ እየመጣ ነው» አሉ። «የማን ልጅ ነው የሞተው?»