እምሩ ሞተር ሲገጥም

ሰዓት ጠጋኙ እምሩ ከእሁዱ የቀበሌ ስብሰባ ሲመለስ ዝሎ ነበር። እንደዚያም ሆኖ አልተኛም። ክንፏ ክንድ የሚያህል የሞዴል አውሮፕላኑን ከቁም ሣጥን አናት አወረደና ቡጢ የምታክል ሞተሯን አፍንጫዋ ላይ አስቀምጦ ብሎኖቹን ማጥበቅ ጀመረ። ሦስቱ ገቡ። አራተኛውን ባጠበቀ ቁጥር ግን ሞተሯ ትጣመምበታለች። ይፈታዋል፣ እንደገና ይጀምራል።

ሚስቱ አይናዲስ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ስታየው ቆየች።

«ተወው እምሩ፤ አትበርም» አለችው በመጨረሻ። «በአሰሳው ሰሞን ፈታሾቹ ጎረቤት ቤት ሲገቡ፣ አውሮፕላኗን በራዲዮ የምታዝባትን ሣጥን ነጠላዬ ውስጥ ሸሽጌ ወሰድኳትና ከራስ መኮንን ድልድይ ወንዙ ውስጥ ጣልኳት። የሰላይ ራዲዮ ነው ብለው እንዳይወስዱህ ፈርቼ ነው።»

ይህን አምስት ዓመት በሆዷ ይዛው ኖራለች። እምሩ ቀና አላለም።

«አውቃለሁ። በማግስቱ ፈልጌ አጣኋት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? አንቺ ባትጥያት ኖሮ እኔ ዛሬ አልኖርም ነበር።»

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?»

እምሩ መፍቻውን አስቀምጦ ዓይኖቹን አሸ።

«ስብሰባው ላይ ሲያጨበጭቡ ሳጨበጭብ፣ ሲነሡ ስነሣ ዋልኩ፣ አይና። አንድ ነገር እንኳ እኔ እንደፈለግሁት ቀጥ ብሎ ይግባልኝ።»

አይናዲስ ተነሥታ መጣችና ሞተሯን በሁለት እጇ ያዘችለት።

«ወዴት ላድርጋት?»

«ወደ አንቺ፤ ትንሽ ወደ አንቺ።»