የሶዶ ዳሞታ፣ የሻንቶ ዳሞታ

ሁለቱ ተራሮች አልገጠሙም።

ሐመልማል ማውሱን ለቀቀችና ወደ ላፕቶፑ ተጠጋች። በግራ በኩል ያለው እሷ የሠራችው ዳሞታ ነው፤ ከሶዶ የሚታየው ፊቱ። በቀኝ በኩል ያለው ናጂያ የሠራችው፣ ከሻንቶ የሚታየው። መሐል ላይ፣ አናቱ መገናኘት በነበረበት ቦታ፣ ባዶ ገደል ተከፍቶ ቀርቷል።

«ያንቺው አጥሯል» አለች ሐመልማል።

«ያንቺው ነው የረዘመው» አለች ናጂያ።

ሁለቱ የተዋወቁት ተራራውን በሚሠሩበት የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ነው። ተጫዋቹ አፈሩንና ድንጋዩን በትንንሽ ብሎክ እየደረደረ የራሱን ዓለም ይሠራበታል። ብዙዎች መሬቱን ለኮምፒውተሩ ይተዉታል፤ ተራራውንም ወንዙንም በአንድ ጊዜ ያወጣላቸዋል። እነሱ ግን እያንዳንዷን ጉብታ በእጃቸው ነው የሠሩት። ሐመልማል አልጋዋ አጠገብ ካለው መስኮት እያየች፣ ናጂያ ሻንቶ፣ አባቷ ሱቅ በር ላይ ተቀምጣ። ዛሬ ናጂያ ድርሻዋን በፍላሽ ይዛ በሚኒባስ መጣች። በአካል ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነው።

ስትገባ፣ ሐመልማልን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አይታ ለአፍታ ቆም ብላ ነበር። ሐመልማል ቀድማ አልነገረቻትም። ጌሙ ውስጥ እንደማንም ሰው ትሮጣለች፤ ምን ብላ ትነግራታለች?

«ከኛ በኩል ቀስ እያለ ነው የሚወጣው» አለች ናጂያ። «ሰፋ ያለ ነው። እንደ ግድግዳ ቀጥ አይልም።»

«ከኛ በኩል ቀጥ ይላላ! ስነሳም ስተኛም የማየውን ተራራ ልታስተምሪኝ ነው?»

«እኔስ አላየውም?»

ቀና ብለው ወደ ውጭ አዩ። በመስኮቱ በኩል ተራራው ራሱ ደመና ለብሷል፤ ገላጋይ እንኳን ሊሆናቸው አልቻለም።

«እሺ፣ አናቱን አይተሽው ታውቂያለሽ?» አለች ሐመልማል።

«ወጥቼ አላውቅም። አንቺስ...» አለችና ናጂያ አቀረቀረች።

የሐመልማል እናት ጥሩዬ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳጣ በርበሬ ጋር ይዛ የገባችው ይሄኔ ነው። ልጇ እዚህ ነገር ላይ ስታፈጥ ስትውል ታያለች እንጂ ቀርባ ተመልክታው አታውቅም። አሁን የሁለቱ ልጆች ፊት ልክ አለመሆኑን አየችና ጎንበስ አለች።

«ምንድን ነው?»

«ዳሞታ ነው እማ። አናቱ አልገጥም አለን።»

ጥሩዬ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው። «ለምን ታገናኙታላችሁ?» አለች። «እዚያ ላይ አይገናኝም። ሜዳ ነው።»

ሁለቱም ዞሩ።

«እኔ የሻንቶ በኩል ልጅ አይደለሁ? በዚያ ወጥተን በዚህ እንወርድ ነበር፣ ገበያ ስንመጣ። ከወጣሽ በኋላ ሣር ብቻ ነው። መሐሉ ስትደርሺ የመጣሽበት አገር የለም፣ ጠፍቷል። የምትሄጂበትም ገና ነው። ሰማይ ብቻ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አለቀስኩ፣ አገር ያለቀ መስሎኝ። እናቴ እጄን ይዛ ‹ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ሶዶ ይመጣል› አለችኝ።»

ሐመልማል እናቷን እንደ አዲስ ሰው አየቻት።

«ይሄን ሁሉ ጊዜ ስሠራው ለምን አልነገርሽኝም?»

ጥሩዬ የሻሿን ጫፍ ነካካች። «እንዳይከፋሽ ብዬ። አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

እውነቷን ነው፣ አልጠየቀችም። ስለ ተራራው በእግሩ የወጣውን ሰው መጠየቅ ሁልጊዜ ይከብዳት ነበር።

ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም። የሶዶውን ቀጥ እንዳለ፣ የሻንቶውን ሰፋ እንዳለ ተዉት። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው፣ በገደሉ ላይ መሬት መዘርጋት ጀመሩ። ሐመልማል አፈሩን ትደለድላለች፣ ናጂያ ሣሩን ታለብሳለች። ጥሩዬ ከኋላቸው ቆማ ታርማለች። «ይሄ ጉብታ አልነበረም። እዚህ ጋ ጎድጎድ ይላል፣ ክረምት ውሃ ይቋጥራል። ኧረ ሰፋ አድርጉት፣ ሜዳ እኮ ነው ያልኩት!» ጎደሬው ቀዘቀዘ።

ሲያልቅ ሐመልማል ወንበሯን ወደ ጎን አሽከርክራ ለእናቷ ቦታ ለቀቀችላት።

«ይቺን ስትጫኚ ትሄጃለሽ።»

«ብወድቅስ?»

«አትወድቂም እማማ» አለች ናጂያ እየሳቀች። «በኛ በኩል ነው የምትወጪው፣ ቀስ ይላል ብያለሁ።»

ጥሩዬ በአንድ ጣቷ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ሰው ሽቅብ መሄድ ጀመረች። የእንሰት ጓሮዎቹን አለፈች፣ ባሕር ዛፉን አለፈች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ናጂያ ወደ ኋላ አዞረችላት፤ የሻንቶ ቆርቆሮዎች ታች በጌሙ ጨረቃ ያበራሉ። እንደገና ወደፊት። ቆርቆሮዎቹ አንድ በአንድ ከመሬቱ ጫፍ ሥር ሰመጡ። ከዚያ ሣር ሆነ። ሣር፣ ሣር፣ በአራቱም በኩል ሣር፣ ከላዩ ሰማይ።

ጥሩዬ ጣቷን አነሳች። በወላይትኛ በለሆሳስ እናቷን ጠራች።

ሐመልማል ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ብሎኮቹን አሁን በገዛ እጇ ነው የደረደረቻቸው፤ የት እንደሚያልቁ ታውቃለች። ቢሆንም ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ምንም የማይጋርድበት ቦታ ሆና አታውቅም። ሁልጊዜ ከፊቷ ግድግዳ አለ፣ በር አለ፣ የሰው ጀርባ አለ። እዚህ የለም። በየትም በኩል ብትዞር የለም።

«እንውረድ? ሶዶ ቅርብ ነው እኮ» አለች ናጂያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ቆይ» አለች ሐመልማል። «ትንሽ እንቁም።»

በጌሙ ውስጥ ሌሊቱ እየነጋ ነበር። አራት ማዕዘኗ ፀሐይ ከሣሩ ጫፍ ብቅ አለች፤ በሜዳው መሐል የቆመችው ትንሽ ሰው ፊቷ በራ።