ሦስተኛው ጥያቄ

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን በየማለዳው ስልክ የሚደውለው በጎ አድራጎት ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የሚደውሉት አንዲት ሴት ነበሩ። ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሁሉም እትዬ ሃሎ ይላቸዋል።

ድርጅቱ ነባር ድርጅቶችን አዲስ ዲጂታል ሥራ ወደሚያስጀምር፣ «ኢንኩቤተር» ማለትም መፈልፈያ ወደሚሉት የማበልጸጊያ ፕሮግራም ሲገባ እትዬ ሃሎ ሳቁ።

«በስተርጅና እንደ ጫጩት ሊያስፈለፍሉን ነው?»

ሥራ አስኪያጁም ሳቀ። ግን ፈርሟል።

የተሠራው አፕ ቀላል ነው። ጠዋት በአንድ ሰዓት የስልሳ ሦስቱ አረጋውያን ስልክ ይጮኽና «ደህና ነዎት?» ይላል። አረንጓዴውን ሲጫኑ ቢሮ ባለው የስክሪን ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ካልተጫኑ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ ሰው ይላካል። መጀመሪያ የሞከሩት እትዬ ሃሎ ራሳቸው ናቸው። አረንጓዴውን ተጫኑና፣ «ይኸው ዋሸሁ፤ ወገቤ ሊቆረጥ ነው» አሉ።

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ቀልዱን ብቻ አልነበረም የፈለጉት።

«ልጄ፣ ሰው መጀመሪያ ስትጠይቀው ደህና ነው። ሁለተኛም ደህና ነው። ሦስተኛው ላይ ነው ‹ኧረ ተወኝ፣ ስስል ነው ያደርኩት› የሚልህ። ይኼ ማሽን አንዴ ጠይቆ ይዘጋል።»

የፕሮግራሙ አሠልጣኝ በትሕትና ሰምታ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሙከራው እንዳይበላሽ ለስድስት ሳምንት እትዬ ሃሎ ለማንም እንዳይደውሉ ተወሰነ። ቤታቸው እንዲያርፉ ተነገራቸው።

«ከማን ጋር ነው የማርፈው?» አሉ።



በስድስተኛው ሳምንት ሰኞ ቢሮ መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ሦስት ጊዜ አርፈዋል።

«አርባ አንድ ቁጥር» አሉ፣ ገና በሩ ላይ ቆመው። አርባ አንድ ቁጥር ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። «ሞተዋል መሰለኝ።»

አፑን የሠራው ፕሮግራመር ሰሌዳውን አሳያቸው። «ዛሬም አረንጓዴ ናቸው፣ እትዬ። ልክ በአንድ ሰዓት። አንድም ቀን አላዛነፉም።»

«እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ! ያ ሰውዬ እኮ አምስቴ ሳልደውል አንስቶ አያውቅም። ልክ በአንድ ሰዓት የሚጫነው ሌላ እጅ ነው። እባካችሁ ሰው ላኩ።»

ሰው የሚላከው ለቀይ ብቻ ነው። ደንቡ እንዲያ ይላል። አርብ ደግሞ አሠልጣኟ ውጤቱን ልታይ ትመጣለች፤ ድርጅቱ ወይ ያልፋል ወይ ከፕሮግራሙ ይወጣል። ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የገዛ ቢሮው የሰው ቤት መሰለው።

«አልችልም፣ እትዬ።»

«እኔም አልችል፣ አንተም አትችል። ታዲያ ማነው የሚችለው?»

ደረጃውን ቀስ እያሉ ወረዱ።

ረቡዕ ማታ ሕሊናው ቢቆረቁረው ደወለላቸው።

«እትዬ፣ ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ።» ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር። «የአርባ አንድን ነገር ብቻ አደራ።»

ቅያሜ መሰለው። ደህና ይደሩ ብሎ ዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳው ላይ፣ ከታች ጥግ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ አየ።

«አርባ አንድ ናቸው?»

«አይደሉም፤ የሙከራ ቁጥር ናት፣ አትቆጠርም» አለ ፕሮግራመሩ። «አርባ አንድማ እንደ ልማዳቸው ልክ በአንድ።»

ይህች «ልክ በአንድ» ሥራ አስኪያጁን እንቅልፍ ነሳችው። የአናጺው ሬሳ አልጋቸው ላይ ተጋድሞ፣ አንድ የማያውቀው ጣት በየጠዋቱ አረንጓዴ ሲጫን ታየው። አርብ ማለዳ ደንቡን ጥሶ አርባ አንድ ቤት ሄደ።

አንኳኳ። መልስ የለም። ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ አራቴ። በአምስተኛው በሩ ተበረገደ።

«ማን ሞተ ብለህ ነው በር የምትሰብረው?» አሉ አናጺው፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ እንደሰኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሊያቅፋቸው ምንም አልቀረው። ምን እንዳመጣው እየተንተባተበ ነገራቸው።

«እሷን ማስጠበቅ ደስ ይለኝ ነበራ!» አሉ። «ስትቆጣ ታስቀኛለች። ማሽን ግን አይቆጣ፣ አያኮርፍ፤ ምን ብዬ ላስጠብቀው? ተጭኜ እገላገላለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ቀነሰ። «ለመሆኑ እሷ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው።»

«እውነት ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው፣ ትንሽ አኩርፈው ነው እንጂ።»

ሽማግሌው ሌላ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሥራ አስኪያጁ ግን አሠልጣኟ እንዳትቀድመው ደረጃውን እየዘለለ ይወርድ ነበር።

መንገድ ላይ የምሥራቹን ሊነግራቸው እትዬ ሃሎ ጋ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ኩርፊያቸው ጠና አለ በሆዱ። አርባ አንድ በሕይወት እንዳሉ ሲሰሙ ይታረቁኛል ብሎ ራሱን አጽናና።

ቢሮ ሲደርስ አሠልጣኟ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። ስልሳ ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው።

«አልፋችኋል፣ እንኳን ደስ አላችሁ» አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ ታች ጥግ ቀሰረች። «ይህቺ ቀይስ?»

ፕሮግራመሩ ሳቀ። «እሷ እንኳን ሰው አይደለችም፤ መጀመሪያ ለሙከራ እትዬ ሃሎ ስልክ ላይ የጫንናት ናት። ማጥፋቱን ረስቼው ነው፤ እስከ ረቡዕ ድረስ እኮ በየጠዋቱ አረንጓዴ ስትበራ ነበር።»