የጉንፋኑ የዘር ሐረግ

የእያንዳንዱ ጉንፋን የዘር ሐረግ፣ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ በየስልኩ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ወዲህ ለቀስተኛ ከማልቀሱ በፊት ስልኩን ያያል። ስንቅነሽም እናቷን የገደለውን ጉንፋን ማን እንዳመጣው ሳታውቅ፣ ድንኳኑ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ በጎሪጥ ስታይ ሰነበተች።

በሠልስቱ ሐረጉ ሲወጣ፣ ከእናቷ ስም በላይ ያለው አጥናፉ ነው፤ ከእናታቸው ጋር ተኳርፎ ለዓመታት ደጃቸውን ያልረገጠው ወንድሟ።

“መጥቶ ነበር እንዴ?” አለቻት አክስቷን።

“እሁድ ለት። ጉልበቷን ስሞ፣ ጉንጩን ስማው ታረቁ። ለፋሲካ ድንገት ላስደስታቸው፣ ለማንም እንዳትነግሪ ብላኝ ነው።”

አጥናፉ እያለቀሰ ገባ። ለቀስተኛው ሁሉ ስልኩን አየ። ስንቅነሽ ልታቅፈው ተነሳች፤ ክንዷ ሳይዘረጋ ግን እጇ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበ።