ቻይ ልጅ

ቢያድግልኝ ከገብስ ክምር ላይ ወድቆ ትከሻው ወለቀ። ወጌሻው አበጋዝ ቤት ወስደው መሬት ላይ አስተኙት። ሁለት ሰዎች እግሩን፣ አንድ ሰው ደረቱን ያዙ። አበጋዝ ክንዱን ሳበው። ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ ተሰማ።

ደጅ የቆሙት ጎረቤቶች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ይሄ እንኳ ወንድ አያሰኝም» አለ በእውቀቱ። «ሕመም የሚችልስ ወንድ ነበር።»

«ማን ነገረህ?» አለች ኡምኩልሱም። «ያንተ ቢጤ ጉንፋን ሲይዘው ይናዘዛል። ምጥ ለናንተ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እዚህ አገር ሰው አይኖርም ነበር።»

«ምጥንማ ፈጣሪ ከነችሎታው ነው የሰጣችሁ። በሌላ ሕመም አሳዪኝ።»

«አሳይሃለሁ።» ኡምኩልሱም ወደ ቢያድግልኝ ሚስት አመለከተች። «የኔአለም አሁን ከአውድማው እየሮጠች ስትመጣ የግራር እሾህ ጫማዋን በስቶ እግሯ ገብቶ ነበር። ደሙን አይቼ የነገርኋት እኔ ነኝ። ቁጭ ብላ ነቀለችው። ፊቷ እንኳ አልተቋጠረም።»

ሁሉም ሳቁ፤ የኔአለምም ሳቀች። በእውቀቱ አንገቱን በበሩ አስገብቶ «ቢያድግልኝ፣ ሚስትህ ባንተ ፈንታ ትተኛልህ?» አለ።

ቢያድግልኝ ክንዱ በሻሽ ታስሮ ወጣ። ሌላውን ሁሉ አልፎ ሚስቱ ዘንድ ቆመ።

«ስትስቂ ሰምቼሻለሁ» አላት።

አባቷ ፈንታሁን አጠገባቸው ነበር። ንግግር አያበዛም። የአማቹን ቃል ግን ይዞት ሄደ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ፈንታሁን ልጁን ሊጠይቅ ሄደ። የኔአለም የባቄላ ንፍሮውን ድስት ግራና ቀኝ ይዛ ከምድጃው አወረደችና አቀረበችለት። እሱ ያየው ግን ጣቶቿን ነው። ሁለቱ ውኃ ቋጥረዋል። መዳፏ ላይም የቆየ ቁስል አለ።

«ምንድን ነው?»

«እንጃ አባዬ። እሳት ይሆናል።»

«ይሆናል?»

«ልብ አላልሁትም።»

ፈንታሁን እጇን ሊይዝ ሲል የቀሚሷ እጅጌ ወደ ላይ ሸሸ። ክንዷ ላይ ከሌላው ገላዋ ፈዘዝ ያለ ነገር አየ። እጅጌዋን ቶሎ ሳበችው።

«ቋቁቻ ነው» አለች።

«አመመሽ?»

«ኧረ ምንም አላመመኝ።»

ፈንታሁን ንፍሮውን ሳይነካ ተነሣ። የተቃጠለ ሰው መቼና በምን እንደተቃጠለ ያውቃል። የማይናገር ከሆነ የሚፈራው ሰው አለ። እሱ ቤት ደግሞ ልጅ ቢወድቅም ቢመታም አያለቅስም ነበር፤ እሱ ነው እንዲያ ያሳደጋት። አሁን እንድትናገር ቢለምናትም አትናገርም።

ቢያድግልኝን ከእርሻው ዳር አገኘው።

«እጇን ምን አደረግኸው?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ አያ ፈንታሁን? ስጠይቃት አላውቅም ትለኛለች።»

«አንተስ አታውቅም?»

ቢያድግልኝ መሬት መሬት አየ። «እኔም እኮ ፈርቻለሁ» አለ።

«ምን ፈራህ?»

ቢያድግልኝ ፊቱን ወደ እርሻው አዞረ። ፈንታሁን መልሱን ያገኘ መሰለው። የፈራው ሽማግሌ ነው፤ የፈራው ፖሊስ ነው።

አመሻሹ ላይ ኡምኩልሱምን ጠየቃት። «ወንድ ልጅ ሰው ፊት ጮኾ ሲሳቅበት ይረሳዋል?»

«አይረሳም» አለች። ሳቋ ጠፋ። «ምነው ያን ቀን አፌን በያዝሁት።»

ማግስቱን ፈንታሁን ልጁን ይዞ ወደ መካነ ሰላም ከተማ ወጣ። ሐኪም ቁስሉን ይይላት፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከዚያ ሽማግሌ። ልጁ እቤቱ ትመለሳለች፤ ትዳሩም ይፈርሳል። ይህን ሁሉ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሲጠብቁ በአጭሩ ነገራት።

«ባሌን አልፈታም» አለች የኔአለም። «ምንም አላደረገኝም።»

«ዝም በይ።»

ቢያድግልኝ የታሰረ ክንዱን ደግፎ እየሮጠ ደረሰ። «እኔም ልምጣ። ሐኪሙ የሚለውን እኔም ልስማ።»

«አንተ የምትሰማውን ፖሊስ ይነግርሃል» አለው ፈንታሁንና በሩን በፊቱ ዘጋው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሱሀይላ የምትባል ወጣት ነርስ ተቀበለቻቸው። ፈንታሁን አልተቀመጠም።

«ባሏ ነው ያቃጠላት» አለ። «እዪልኝና መስክሪልኝ።»

ሱሀይላ የየኔአለምን ጣቶች አገላብጣ አየች። «ምን አቃጠለሽ እህቴ?»

«አላወቅሁትም።»

«ሲያቃጥልሽስ? አልጮኽሽም?»

«አትጮኽም» አለ ፈንታሁን። «ቻይ ናት። ከሕፃንነቷ እንዲህ ናት። የሷን ግማሽ የሚችል ወንድ እኛ ቀበሌ የለም።»

ነርሷ ጎንበስ አለች። የየኔአለምን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው። ክንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ ብዙ ቆየች። ፈንታሁን አንድ እርምጃ ቀረበ። ይኸው አየችው፣ አለ በልቡ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለች ሱሀይላ ቀስ ብላ። «በመርፌ ጫፍ እነካሻለሁ። በተሰማሽ ቁጥር ‹እ› በይኝ።»

የኔአለም ጨፈነች። መርፌው ትከሻዋን ነካ።

«እ» አለች።

መርፌው ወደ ክንዷ ወረደ። ፈዘዝ ያለውን ቦታ ነካ፤ እንደገና ጠበቅ አድርጎ ነካ። ወደ መዳፏ ሄደ። ወደ ጣቶቿ ሄደ። ከአንዱ ጣቷ ጫፍ ደም ብቅ አለ። ፈንታሁን ከልጁ ፊት ላይ ዓይኑን አልነቀለም።

«ቀጥዪ እንጂ እህቴ» አለች የኔአለም እንደጨፈነች፣ «ለምን ቆምሽ?»